ሞላው ይቆይ፣ ጎማው ይቅደም

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አድማጮቻችን፣ በዚህ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የምታደርሱን ጥያቄ ፍሬን ጮኸብኝ፣ ባትሪ ሞተብኝ፣ የሞተር መብራት በራብኝ የሚል ነው። በዚህ ሳምንት የደረሰን የድምፅ መልእክት ግን ለየት ይላል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው። ሐሳባቸው ባጭሩ ይኸው፦ የሃያ ሦስት ዓመት ልጃቸው አንዳንድ እሑድ ትልቅ ፓርኪንግ ውስጥ በኮን መሀል መኪና ሲነዳ ይውላል። አሁን ደግሞ ሞላ ገዝቼ መኪናዋን ዝቅ አደርጋለሁ እያለ ነው። 1500 ዶላር አጠራቅሟል። ገንዘቡ የራሱ ነው፣ አልከለክለውም፤ ግን ሰኞ ሥራ የሚሄድባትም ይህችው መኪና ናት፤ ምን ትሉታላችሁ? ነው የሚሉት።

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ደስ ብሎኛል። ሌሎች ወላጆችም ልጆቻችሁ የሚሉትን እንድትረዱ፣ ልጆቹም ገንዘባችሁን የት እንደምታደርጉት እንድታስቡበት፣ የዛሬውን ዝግጅት ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጨዋታው። ኦቶክሮስ ይባላል። የመንገድ ላይ ሽቅድምድም አይደለም፤ ሁለት መኪና ጎን ለጎን አይሮጥም። ሰፊ አስፋልት ላይ ኮኖች ይደረደራሉ፤ መኪናዎቹ ተራ በተራ፣ እየተራራቁ ይገባሉ፤ ፉክክሩ ከሰዓት ጋር ነው። አንዱ ዙር ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ፍጥነቱም ሀይዌይ ላይ ከምንነዳው እምብዛም አይበልጥም፤ ብዙ መኪና ከሁለተኛ ማርሽ ሳይወጣ ይጨርሳል። ቀኑን ሙሉ ውለው የሚነዱት ጠቅላላ ደቂቃ በጣት የሚቆጠር ነው። የተቀረው ጊዜ የሥራ ነው፤ ግማሹ ሲነዳ ግማሹ ፀሐይ ላይ ቆሞ የወደቀ ኮን ያነሣል። እያንዳንዱ ኮን ሥር በነጭ የተሠመረ ካሬ አለ። ኮኑ ተነክቶ እንኳ ሳይወድቅ ካሬውን ከነካ ቅጣት የለም፤ ከወደቀ ወይም ጨርሶ ከካሬው ከወጣ ሁለት ሴኮንድ ይጨመራል። በዚህ ጨዋታ ሁለት ሴኮንድ ብዙ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ይህን በሰፊው የሚያካሂደው እ.ኤ.አ. በ1944 የተመሠረተው የስፖርት መኪና ክለብ፣ በምህፃሩ ኤስሲሲኤ ነው። የዋሽንግተን አካባቢው ቅርንጫፍ ላንዶቨር ባለው የፉትቦል ስታዲየም ፓርኪንግ ላይ ሲያካሂድ ቆይቷል። የአገሪቱ ዋና ውድድር ደግሞ በሴፕቴምበር ወር ሊንከን፣ ነብራስካ በአንድ የቀድሞ የአየር ኃይል ሠፈር ኮንክሪት ላይ ይደረጋል። ስለዚህ ጋሼ፣ ልጅዎ ያለበት ቦታ የራስ ቁር የሚጠየቅበት፣ መኪናው ከመግባቱ በፊት የሚፈተሽበት ቦታ ነው። ሌሊት ሀይዌይ ላይ ከሚሯሯጡት ጋር አያምታቱት።

አሁን ወደ መኪናዋ። የ2013 ሳየን ኤፍአር-ኤስ ናት። ይህች መኪና ከሱባሩ ቢአርዜድ ጋር እህትማማች ናት፤ በኋላ ቶዮታ 86 ተብላ ተሸጣለች። ሞተሯ ከፊት፣ የምትገፋው በኋላ ጎማዋ፣ ክብደቷ 1250 ኪሎ ግራም ያህል። ለዚህ ጨዋታ የተመቸች ናት፤ ልጁ በመኪና ምርጫ አልተሳሳተም።

ዕቃ ከመግዛት በፊት ግን የሚነበብ አንድ ነገር አለ፤ እሱም በነፃ የሚገኘው የውድድሩ ደንብ መጽሐፍ ነው። መኪናዎች የሚወዳደሩት በየክፍላቸው ነው። ስትሪት በሚባለው ምድብ መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ ሊቆይ ይገባል፤ የተፈቀደው ጥቂት ነው፦ ጎማ፣ አሞርዛተር፣ ከፊትና ከኋላ ስታብላይዘር አንዱን ብቻ መቀየር፣ ቸርኬ ደግሞ ስፋቱ ሳይለወጥ። ሞላ መቀየር አይፈቀድም። ሞላ የቀየረ ሰው በዚያችው ቅጽበት ስትሪት ቱሪንግ ወደሚባለው ምድብ ይሻገራል። እዚያ የሚጠብቁት ሞላውንም፣ ክንዱንም፣ ላስቲኩንም የለወጡ፣ በርካታ ሺህ ዶላር ያፈሰሱ ሰዎች ናቸው። የ300 ዶላር ሞላ ገዝቶ ከእነሱ ጋር መሰለፍ ማለት በቆመጥ ወደ ጦር ሜዳ መሄድ ነው። ደንቡ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የዓመቱን ቅጂ አውርዶ የመኪናውን ስም ፈልጎ ማንበብ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ልበል። አሞርዛተር ስል አዲስ አበባ ጋራዥ ያደጋችሁ ወዲያው ትረዱኛላችሁ፤ አሜሪካ የተወለዱት ልጆች ደግሞ ሾክ ይሉታል። ሞላ እነሱ ስፕሪንግ የሚሉት ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ አብዛኛው ጣሊያን ጥሎልን የሄደው ነው። አባትና ልጅ አንድ መኪና ሥር ተኝተው ሳይግባቡ ሲከራከሩ አይቻለሁ፤ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ዕቃ ነበር። ሥራቸውን ደግሞ አታምታቱ። መኪናውን የሚሸከመው ሞላው ነው። አሞርዛተሩ ምንም አይሸከምም፤ ሞላው ሲታመቅና ሲዘረጋ ዝላዩን ያበርዳል። ስታብላይዘር የሚባለው ብረት ግራና ቀኙን ያያይዛል፤ ሁለቱም ጎማ እኩል ሲነሣ ሥራ ይፈታል፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲጋደል ግን ይጠመዘዝና ይከላከላል።

አሁን እርሳስና ወረቀት ያላችሁ አቅርቡ። ሞላ ሻጭ ሁሉ የማይነግራችሁ ስሌት አለ።

ይህች መኪና ከነሹፌሯ 1330 ኪሎ ትሁን። ስትቆም ግማሹ በግራ፣ ግማሹ በቀኝ ጎማዎች ላይ ነው፤ በየጎኑ 665 ኪሎ። የክብደቷ ማዕከል ከመሬት 46 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ለመኪና ይህ ዝቅተኛ ነው። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ከ53 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጥሩ ጎማ አድርጋ ኩርባ ላይ በሙሉ አቅሟ ስትታጠፍ፣ ወደ ጎን የሚገፋት ኃይል ከራሷ ክብደት ጋር ይስተካከላል። ከውስጥ ጎማዎች ወደ ውጭ ጎማዎች የሚሻገረው ጭነት ስንት ነው? 1330ን በ0.46 አባዙ፣ ለ1.53 አካፍሉ። 400 ኪሎ ይመጣል። በውስጠኛው ጎን 265 ኪሎ ብቻ ይቀራል፤ የውጪው 1065 ይሸከማል።

ልብ በሉ፤ በዚህ ስሌት ውስጥ ሞላ የሚባል ነገር የለም። አሞርዛተርም የለም። ሞላው ድንጋይ ቢሆን 400 ኪሎ ይሻገራል፤ ትራስ ቢሆንም ያው 400 ኪሎ ይሻገራል። መኪናው አለመጋደሉ ለዓይን ያምራል እንጂ የሚሻገረውን ጭነት አያስቀርም። መኪናዋን 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብታደርጓት 46ቱ 43 ይሆንና የሚሻገረው ወደ 374 ይወርዳል። ያተረፋችሁት 26 ኪሎ ነው። ባዶ አይደለም፣ ግን ለዚያ የከፈላችሁትን ወደፊት እናየዋለን።

ታዲያ ሞላና ስታብላይዘር ምን ይሠራሉ? 400ውን ኪሎ ለፊትና ለኋላ ያከፋፍላሉ። ሁለት ወዛደሮች ሶፋ ተሸክመው ደረጃ ሲወጡ አይታችሁ ከሆነ፣ ጉልበቱን ያላጠፈው ነው ሸክሙ የሚበዛበት። መኪናም ላይ ጠንከር ያለው ጫፍ ከሚሻገረው ጭነት ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። ጎማ ደግሞ ጭነቱ እጥፍ ሲሆንበት መሬት የመያዝ አቅሙ እጥፍ አይሆንም፤ ያንሳል። ስለዚህ ብዙውን የወሰደው ጫፍ ቀድሞ ይለቃል። ፊቱን ካጠነከራችሁ አፍንጫዋ ወደ ውጭ ትሸሻለች፤ ኋላውን ካጠነከራችሁ ጭራዋ ትወጣለች። ለዚህ ነው መኪናቸውን ሳያጠኑ አራቱንም ሞላ አጠንክረው “አሁን ካርት ሆነች” የሚሉ ልጆች ሰዓታቸው ላይ ለውጥ የማያዩት። ጥንካሬና ፍጥነት በጀርባችን ይመሳሰላሉ፤ ሰዓት መቁጠሪያው ግን ጀርባ የለውም።

መሬት የሚነካው ጎማ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ ለጎማ።

በአሜሪካ ጎማ ጎኑ ላይ የመበላት ቁጥር ተጽፎበታል። ቴክሳስ፣ ሳን አንጀሎ አካባቢ በመደበኛ መንገድ 7200 ማይል ተነድቶ ከመመዘኛ ጎማ ጋር ሲነጻጸር የሚሰጥ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ጎማው ለስላሳ፣ የሚይዝ፣ ቶሎ የሚያልቅ ነው። በስትሪት ምድብ ከ200 በታች አይፈቀድም። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ በዚያችው በ200 ላይ ነው የሚፎካከሩት፦ ብሪጅስቶን አርኢ-71 አርኤስ፣ ዮኮሃማ ኤ052፣ ፋልከን አርቲ660፣ ሃንኩክ አርኤስ4። ቁጥሩን ለጎማው የሚሰጠው ራሱ ፋብሪካው ስለሆነ ሁሉም 200 እኩል አይደለም፤ አንዱ በሁለት ዓመት፣ ሌላው በአንድ ወቅት ያልቃል። ሃንኩኩ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል ተብሎ ይመረጣል፤ ዮኮሃማው ቶሎ ሞቆ ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎም ይሄዳል። ይህች መኪና ከፋብሪካ የመጣችባቸው ጎማዎች ለነዳጅ ቁጠባና ለጸጥታ የተመረጡ ናቸው። ጎማ ብቻ ለውጦ የተመለሰ ሰው፣ ሁለት ሺህ ዶላር አሞርዛተር ገዝቶ በድሮ ጎማ የመጣውን ያሸንፋል። ይህን ያለ ጥርጥር እናገራለሁ።

ግን ሰኞስ? የእነዚህ ጎማዎች ቦይ ጥልቀት የለውም፤ ሀይዌይ ላይ ዶፍ ሲወርድ ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ። ብርድ ሲሆን ይደድራሉ፤ በረዶ ላይ ጨርሶ አይሞከሩም። ስለዚህ የድሮውን ጎማ ከነቸርኬው ጋራዥ ውስጥ አስቀምጡት። እሑድ ጠዋት በክሪክ አንሥቶ መቀየር ወይም ከጥቅምት በኋላ መልሶ መግጠም የአርባ ደቂቃ ሥራ ነው።

የአየር ግፊቱን ለማወቅ ደግሞ ነጭ የጫማ ቀለም ይበቃል። አትሳቁ፤ ሊስትሮ ልጆች የሚይዟት ዓይነት። የጎማውን ትከሻ በሦስት ቦታ ቀለም ቀቡት፤ አንድ ዙር ንዱ፤ ወርዳችሁ እዩ። ቀለሙ እስከ ጎኑ ድረስ ከተፋቀ ጎማው ተጣጥፏል፣ አየር ጨምሩ። ትከሻው ጠርዝ ላይ ሳይነካ ከቀረ አየር ቀንሱ። በዚያችው ቀለም ቁጥራችሁንም መስታወት ላይ ትጽፉባታላችሁ።

ከጎማ ቀጥሎ አላይመንት። ርካሽ ነው፣ ማንም አይኮራበትም፣ ስለዚህ ይረሳል። የዚህች መኪና ፊት ማክፈርሰን ስትረት የሚባለው ዓይነት ነው። ኧርል ማክፈርሰን አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር፤ አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1950 ለእይታ በቀረቡት የእንግሊዝ ፎርድ ኮንሰልና ዜፊር ላይ ታወቀ። ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ዓለምን ወረሰ፤ አዲስ አበባ የሚርመሰመሱት ኮሮላና ቪትዝ ፊታቸው ይኸው ነው። ጉድለቱ ይህ ነው፦ መኪናው ሲጋደል የውጪው ጎማም አብሮ ወደ ውጭ ይጋደልና በትከሻው ይሄዳል። መፍትሔው አስቀድሞ ጎማውን ከላይ ወደ ውስጥ ማዘንበል ነው፤ ካምበር ማለት ይህ ነው። ኤፍአር-ኤስ ከፋብሪካ ስትወጣ የፊቷ ካምበር ዜሮ አካባቢ ነው። ለመንገድም ለኦቶክሮስም የምትነዳ ከሆነ ሁለት ዲግሪ ወደ ውስጥ ማዘንበል ልዩነቱ በመጀመሪያው ኩርባ ይታወቃል። በብሎን ይሁን በሌላ መንገድ፣ በየትኛው ምድብ ምን እንደተፈቀደ ደንቡን እዩ።

“ካምበር ጎማ ይበላል” የሚል መካኒክ አይጠፋም። ሁለት ዲግሪ ይበላል፣ ግን ቀስ ብሎ። ጎማ የሚፈጀው ቶ የሚባለው ነው፤ ሁለቱ የፊት ጎማዎች እንደ ሸፋፋ እግር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ሲያዩ። ለዕለት መኪና ፊቱን ዜሮ፣ ኋላውን ትንሽ ወደ ውስጥ አድርጉልኝ በሉ። ሲጨርሱም ወረቀቱን ተቀበሉ፤ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት ካልተሰጣችሁ አላይመንት እንደተሠራ አትቁጠሩት።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን አሞርዛተር። በእኔ ግምት ትልቁ ገንዘብ መዋል ያለበት እዚህ ነው። ኦቶክሮስ ረጅም ኩርባ የለውም። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ ነው፤ በኮን መሀል ስትጠማዘዙ መኪናው አንዱን ጋድሞ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይላካል። ያ 400 ኪሎ በመጨረሻ መሻገሩ አይቀርም፤ በምን ፍጥነት እንደሚሻገር የሚወስነው ግን አሞርዛተሩ ነው። የደከመ አሞርዛተር ያላት መኪና ሦስተኛው ኮን ላይ ስትደርስ ገና የመጀመሪያውን ትመልሳለች። ሹፌሩ “መሪው ዘገየብኝ” ይላል፤ የዘገየው አካሏ ነው።

እዚህ ደግሞ ሁለተኛውን ስሌት ልስጣችሁ። አንድ ጎማ 280 ኪሎ ይሸከም እንበል፤ ጎማው ዘንድ የሚሰማው የሞላው ጥንካሬ በሚሊ ሜትር 25 ኒውተን ይሁን። ያ ጥግ በራሱ ሲወዛወዝ በሴኮንድ አንድ ተኩል ጊዜ ይነጥራል። ይህ ለስለስ ያለ የስፖርት መኪና ጠባይ ነው። ሞላውን እጥፍ ብታጠነክሩት በሴኮንድ ሦስት አይሆንም፤ 2.1 ነው የሚሆነው፣ ምክንያቱም ነገሩ በካሬ ሥር ነው የሚሄደው። 2.1 ላይ ግን መኪናዋ ቡና በእጅ የማያስይዝ ደርሳለች። ያንን እንደ ቀድሞው ለማብረድ አሞርዛተሩም 1.4 እጥፍ መጠንከር አለበት። የፋብሪካው አሞርዛተር ይህን አያውቅም። ጠንካራ ሞላ በፋብሪካው አሞርዛተር ላይ የገጠመ ሰው መኪናውን ኳስ አድርጎታል፤ ይዛለላል እንጂ አይይዝም።

የተገላቢጦሹ ግን ይሠራል፤ ጥሩ አሞርዛተር በፋብሪካው ሞላ ላይ። የሆላንዱ ኮኒ ሞላው ሲዘረጋ ያለውን ማብረድ በእጅ የሚስተካከል አድርጎ ይሠራል። ቢልሽታይን ደግሞ ጀርመን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በከፍተኛ ጋዝ ግፊት የሚሠራ ባለ አንድ ቱቦ አሞርዛተሩ ይታወቃል። የሚስተካከለውን ከገዛችሁ ሰኞ ላላ፣ እሑድ ጠበቅ ማድረግ ትችላላችሁ። አጥብቁ ሲባል ግን እስከ መጨረሻ አታዙሩት። ሲዘረጋ ከመጠን በላይ የጠበቀ አሞርዛተር ጎማውን ወደ ላይ ይዞት ይቀራል፤ ጉብታው ካለፈ በኋላ እንኳ ጎማው ሳይወርድ አየር ላይ ይሄዳል።

አንድ የአሥር ሳንቲም ዘዴ አለች። የሽቦ ማሰሪያ ፕላስቲክ ታውቃላችሁ? በአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ አንዷን እሰሩና ወደ ታች ግፏት። ከአንድ ዙር በኋላ እዩ፤ ዘንጉ ስንት እንደገባ ገፍታችሁ ከተዋችኋት ቦታ ወደ ላይ ተገፍታ ትነግራችኋለች። ከላይ ካለው የላስቲክ መቆሚያ ጋር ተጣብቃ ካገኛችኋት፣ ሞላችሁ አልቆ በላስቲክ ላይ ነው የምትነዱት ማለት ነው።

ይህን ያወቅሁት በራሴ መኪና ነው። ከዓመታት በፊት፣ እኔም እንደ ልጅዎ፣ መጀመሪያ የገዛሁት ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ነበር። ርካሽ፣ ቀይ፣ የሚያምር። መኪናዬ ፊት ለፊት ቆሜ ፎቶ አንሥቻታለሁ። የመጀመሪያው እሑድ ኩርባው መሀል ላይ ሳለሁ ፊቷ ድንገት ወደ ውጭ ሸሸ፤ አራት ኮን ወሰድኩ። ሌላ ጊዜ ያቺን የፕላስቲክ ማሰሪያ ሳስር ነው ምክንያቱን ያየሁት፤ ማሰሪያዋ መቆሚያው ሥር ተጨፍልቃ ነበር። ሞላው 3 ሴንቲ ሜትር አወረደኝ፣ ለዘንጉ መግቢያ የነበረችኝን ርቀት በላብኝ። መቆሚያው ሲነካ ያ የመኪናዬ ጥግ በድንገት እንደ ብረት ጠነከረ፤ ቅድም እንዳልነው፣ ጠንካራው ጫፍ ቀድሞ ይለቃል። ከዚህም በላይ ስትረት ያላት መኪና ዝቅ ስትል ታችኛው ክንድ ከአግድም አልፎ ወደ ላይ ያዘነብላል፤ ከዚያ በኋላ መኪናው በተጋደለ ቁጥር ካምበሩ ይበላሻል። 26 ኪሎ አተርፋለሁ ብዬ ይህን ሁሉ ገዛሁ።

ሌላም በደል ደረሰብኝ። ሞላውን የገጠመልኝ ጋራዥ፣ ስሙን አልጠራም፣ ክንዶቹን የያዙትን ብሎኖች መኪናዋ ተሰቅላ፣ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው እያሉ አጠበቃቸው። በክንዶቹ መጋጠሚያ ላይ ያሉት ላስቲኮች በዚያ ሁኔታ ከጠበቁ፣ መኪናዋ መሬት ስትነካ ሁልጊዜ እንደተጠመዘዙ ይኖራሉ። በስምንት ወር ተቀደዱ። ስለዚህ ማንም ሲገጥምላችሁ ይህን አንድ ነገር ጠይቁ፦ የመጨረሻው ማጥበቅ ጎማዎቹ ክብደቱን ተሸክመው ሳለ ነው ወይ? ዓይኑን ካፈጠጠባችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ኢንተርኔት ላይ በርካሽ ስለሚሸጡት፣ ቁመታቸው ስለሚስተካከል ሞላና አሞርዛተር ጥምሮች ብዙ አልልም። ዋጋው የጥሩ አሞርዛተር ግማሽ ሆኖ ሞላም ተጨምሮበት ከመጣ፣ የጎደለው ነገር ውስጥ ነው ያለው፤ ዘይቱ በሁለት ክረምት ይንጠባጠባል።

የሚቀረን ስታብላይዘር ነው። በስትሪት ምድብ አንዱን ብቻ ስለምትቀይሩ ምርጫው የሚናገረው ስለ መኪናችሁ ነው። በፊት ጎማ የምትነዳ ሆንዳ ወይም ማዝዳ አፍንጫዋ ወደ ውጭ መሸሽ ታበዛለችና የኋላውን ማጠንከር ይረዳታል፤ የኋላ የውስጥ ጎማዋን አየር ላይ አንሥታ ስትታጠፍ ካያችሁ አትደንግጡ። ለኤፍአር-ኤስ ዓይነት፣ በኋላ ጎማ ለሚነዱ፣ ብዙዎች ፊቱን ይመርጣሉ፤ መጋደሉን ይቀንስና ያ ደካማ የስትረት ካምበር እንዳይበላሽ ይከላከላል፣ የኋላ ጎማዎችም ከኩርባ ሲወጡ እኩል ይገፋሉ። ውፍረቱን ስትመርጡ ተጠንቀቁ፤ የዘንጉ ጥንካሬ የሚያድገው ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው። ከ18 ሚሊ ሜትር ወደ 20 ብትሄዱ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ይመስላችኋል፤ ጥንካሬው ግን በ52 በመቶ ይጨምራል። 22 ብታደርጉት ከእጥፍ ይበልጣል።

ሌላ ሁለት ነገር፣ ቶሎ ብዬ ልንገራችሁ። የመኪና ኢንሹራንስ ውላችሁን አንብቡ፤ ሰዓት የሚያዝበትን ውድድር በስም የማይሸፍን አንቀጽ ሊኖር ይችላል። ከውድድር በኋላ ደግሞ፣ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት፣ የጎማ ብሎኖችን በመፍቻ እንደገና ንኳቸው።

ጋሼ፣ ወደ እርስዎ ልመለስ። ልጅዎ 1500 ዶላር አለው። ከዚያ ላይ ጎማ ይግዛ፣ አላይመንት ያሠራ። ጀማሪ ስለሆነ አሠልጣኝ አጠገቡ እንዲቀመጥለት ይጠይቅ፤ በክለቡ የተለመደ ነው። የተረፈችው ገንዘብ ለመመዝገቢያ ትሁን፤ ይህን ዓመት በፋብሪካው አሞርዛተር ይንዳ። ማሰሪያዋን አስሮ፣ ቀለሙን ቀብቶ፣ የሚያየውን በማስታወሻ ይጻፍ። በሚቀጥለው ዓመት አሞርዛተር ይገዛል። ስታብላይዘሩ ከዚያ በኋላ ነው። ሞላው ሱቁ ውስጥ ይቆይ።

እርስዎም አንድ እሑድ አብረውት ይሂዱ። መግቢያው ላይ የኃላፊነት ፎርም ያስፈርሙዎታል። ኮፍያ፣ ውሃና መቀመጫ ይያዙ፤ አስፋልቱ ላይ ጥላ የለም።

ሰላም ሰንብቱ።

(የመውጫ ሙዚቃ)